በክረምት ወንዝ ላይ ዓሣ መጠበቅ፦ ለግልገል ዓባይ አዲስ ጠባቂዎች

በጎጃም በኩል ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ዋናው ግልገል ዓባይ ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ፣ በመንገዱ እንደ ቆጋ ያሉትን ገባሮች እየተቀበለ፣ በደቡብ በኩል ወደ ሐይቁ ይገባል። ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚህ ወንዝና በገባሮቹ ላይ በዓሣ ሀብት ጥበቃ ለሚሰማሩ ሰዎች ነው፤ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥረው ለሚመጡትም፣ ከአስጋሪዎች ማኅበር ወይም ከቀበሌው ተመርጠው በክረምት ብቻ ለሚያግዙትም ይሆናል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ ሥራው በዓመቱ ወራት ላይ እኩል የማይከፋፈል መሆኑ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ባሉት ሳምንታት በወንዙ መግቢያና እንቁላል በሚጣልበት ጠጠር ላይ ያልተገኘ ጠባቂ፣ የቀረውን ዓመት ሙሉ ቢደክም ያመለጠውን አይመልሰውም።

ምን እንደሚጠበቅ

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ የማያልፍ ሐይቅ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወረወር፣ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። በዚህ ምክንያት ከፏፏቴው በላይ የቀሩት ዓሦች ለብቻቸው ተራብተው፣ በአኗኗርና በአመጋገብ እየተለያዩ፣ በሌላ ቦታ የማይገኙ ዓይነቶች ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ላቢዮባርበስ በተባለው ወገን ውስጥ 15 የተለያዩ ዓይነቶችን ለይተዋል። ከእነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ወገናቸው በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ አዳኝ መሆናቸው ተመራማሪዎችን አሁንም ያስደንቃል። ይህን የሚመስል ሌላ የዓሦች ቤተሰብ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበረ፤ እርሱ ግን ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ስለዚህ በጣና ያለው፣ ከነሙሉነቱ የተረፈ ብቸኛው ነው።

እኛ ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም «ነጭ ዓሣ» እንላቸዋለን። ይህ ስም ለገበያ ይበቃል፤ ለጥበቃ ግን አደጋ አለው። አስጋሪው ዛሬም ነጭ ዓሣ ይዞ ይገባል፣ ነጋዴዋም ነጭ ዓሣ ትሸጣለች፤ በስሙ ውስጥ ካሉት አንዱ ዓይነት ከቅርጫቱ ቢጠፋ ማንም ልብ አይለውም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የተሰበሰበው የናሙና መረጃ ከ1999 እስከ 2001 ከተሰበሰበው ጋር ሲነጻጸር፣ በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች መጠን በ75 በመቶ ያህል ወርዶ ተገኝቷል። ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ዋናው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 አካባቢ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ ወዲህ፣ ለመራባት በወንዝ መግቢያ የተሰበሰበውን ዓሣ በአንድ ቦታ ማጥመድ መለመዱ ነው።

ዓሣውን መለየት

አራቱን የገበያ ዓሦች ያለ ማመንታት መለየት የመጀመሪያው ትምህርት ነው። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ረጃጅም ጢም ያለው ነው። ቀረሶ በጀርባው ላይ እሾህ የበዛበት ረጅም ክንፍ አለው፤ የሚራባውም በሐይቁ ዳር በደንገሉና በሣሩ መካከል እንጂ በወንዝ አይደለም። በሶ የሚባለው የታችኛው ከንፈሩ እንደ ቀንድ የጠነከረ፣ አፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የሚመስል፣ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን እየፋቀ የሚበላ ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ ትልልቅ ቅርፊት፣ አጭር የጀርባ ክንፍና በአፉ ዙሪያ ሁለት ጥንድ አጫጭር ጢም አለው። ከዚህ አልፎ በነጭ ዓሣ ውስጥ ያሉትን ዓይነቶች ለመለየት አፉን ማየት ይጠቅማል። ከንፈሩ ወፍሮ የተንጠለጠለው፣ አፉ ሰፊና ወደ ላይ የሚከፈተው፣ ዓይኑ ከሌሎቹ የሚተልቀው፣ አፉ ወደ ታች የዞረው፣ እያንዳንዱ የራሱ ምግብና የራሱ ቦታ አለው። ስማቸውን በቃል መያዝ ለጊዜው ይቆይ፤ በመዝገብዎ ላይ «ነጭ ዓሣ፣ ከንፈረ ወፍራም» ብለው ቢጽፉና ከጎኑ ፎቶግራፍ ቢያስቀምጡ፣ በባሕር ዳር ያሉ የዓሣ ተመራማሪዎች ቀሪውን ይለዩታል።

ለመራባት የደረሰውን ዓሣ መለየት ግን ለማንም አይተውም፤ በቦታው የሚወሰነው ውሳኔ በዚህ ላይ ስለሚቆም ራስዎ ሊያውቁት ይገባል። የደረሰ ወንድ በአፍንጫው ላይ እንደ ጨው ቅንጣት የሚሻክሩ ነጫጭ ጉብታዎች ያወጣል፤ ሆዱ በእርጥብ ጣት ሲዳበስ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። ሴቷ ሆዷ ይለሰልሳል፣ ወደ ጎን ይሰፋል። እነዚህን ምልክቶች በአንድ መረብ ላይ በተያዙ ብዙ ዓሦች ካዩ፣ መረቡ የተዘረጋው መንጋው ለመውጣት በሚጠባበቅበት ቦታ ነው ማለት ነው።

የክረምቱ ጉዞ

በወንዝ የሚራባው ነጭ ዓሣ የሚጠብቀው የወንዙን መሙላት ነው። የሰኔ ዝናብ ከገፋ በኋላ ዓሦቹ ከሐይቁ ወደ ወንዙ መግቢያ ይሰበሰባሉ፤ እዚያ ቀናት ቆይተው፣ ላይ አገር ዘንቦ ወንዙ ከፍ ሲል ሽቅብ ይወጣሉ። ዋናው ወንዝ ደፍርሶ ደለል ስለሚበዛበት በዚያ አይቆዩም። የሚፈልጉት ውሃው የጠራ፣ ፈጥኖ የሚፈስ፣ ታቹ ንጹሕ ጠጠር የሆነ ትንሽ ገባር ነው፤ እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ተኝቶ በቂ አየር የሚያገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ጭቃ የለበሰው እንቁላል ታፍኖ ይቀራል። ሁሉም ዓይነቶች በአንድ ሌሊት አይወጡም፤ አንዱ ከሌላው በሳምንታት እየተለያየ ነው የሚወጣው፤ ዋናው ጉዞ ግን ነሐሴ ላይ ነው። ስለዚህ «ዓሣው ወጥቶ አልቋል» ብሎ በነሐሴ አጋማሽ ጥበቃውን ማንሣት፣ ዘግይተው የሚወጡትን ዓይነቶች ለመረብ አሳልፎ መስጠት ነው።

እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ የሠራሁትን ስሕተት እዚህ ላይ ልናገር። በወንዙ መግቢያ በየቀኑ ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት እየቆምሁ፣ አንድም መረብ ሳላይ ሐምሌን ጨረስሁ፤ ሪፖርቴም «ሕገ ወጥ ማስገር አልታየም» የሚል ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ በዕድሜ የገፉ አስጋሪ በታንኳቸው አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ አንተ የምትጠብቀው ውሃውን ነው፤ ዓሣው የሚሄደው በሌሊት ነው» አሉኝ። በማግሥቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄድሁ። መረቦቹ ከመግቢያው ወዲህና ወዲያ እንደ አጥር ተዘርግተው ነበር፤ ሲነጋጋ ግን አንዱም በቦታው አልነበረም። መረብ ፀሐይ ስትገባ ተጥሎ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። የጥበቃ ሰዓትዎ ከዚህ ጋር ካልገጠመ ቀን ላይ መቆምዎ ልብስ ከማርጠብ አያልፍም።

ስለዚህ ከሰኔ መጨረሻ በፊት ሦስት ነገሮች ተሠርተው መጠናቀቅ አለባቸው። በቅድሚያ ወንዙ ገና ጎድሎ ሳለ ገባሮቹን በእግር ወጥቶ ጠጠሩ የት የት እንዳለ ማየት፣ ቦታውንም በስልክ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ውሃው ሲሞላ ይህ አይታይም። ቀጥሎ አሸዋና ጠጠር ከሚያወጡ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ፣ ቢያንስ በእነዚያ ቦታዎች ላይ ከሐምሌ ጀምሮ እንዳይቆፍሩ መስማማት ነው። ጠጠሩን በመኪና ጭኖ የወሰደ ሰው መረብ ሳይነካ ዓሣውን ቤት አልባ ያደርገዋል፤ በእኔ ግምት ይህ ጉዳት ከመረቡ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሆኖ ሳለ ብዙ ትኩረት አላገኘም። ሦስተኛው ከላይና ከታች ባሉ ቀበሌዎች ከሚሠሩ ጠባቂዎች ጋር ስልክ ተለዋውጦ፣ ላይ አገር ዘንቦ ወንዙ ሲነሣ ለታቹ እንዲደውሉ ማድረግ ነው። ሰከላ ላይ የዘነበው ዝናብ ታች ሲደርስ ሰዓታት ስለሚወስድ፣ ያ ጥሪ ሰዎችን በቦታቸው ለማሰማራት ጊዜ ይሰጣል።

በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ ፍልሰታም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ልክ በጉዞው እኩሌታ ላይ ይውላል። በጾም ዓሣ መብላት አለመብላት የየሰው የእምነት ጉዳይ ስለሆነ ጠባቂው አይገባበትም፤ ሆኖም በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሌሊት ጥበቃውን ማጠናከር ይገባዋል።

ብርብራ

ዓሣን በመርዝ ማስገር በአገራችን አሮጌ ልማድ ነው፤ የሚያዘወትሩትም ከሐይቁ ይልቅ በወንዝ ዳር ያሉ ሰዎች ናቸው። የብርብራ ፍሬ ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ዱቄቱም በወንዙ ይበተናል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ዓሣው በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል ገብቶ ሰውነቱ አየሩን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል፤ ውሃው አየር ሞልቶት ሳለ ዓሣው እንደታፈነ ይሞታል። ዛፉ ራሱ ጠላት አይደለም። በዘጌ ለቡና ጥላ የሚሆነው፣ መሬት የሚያለማው ይኸው ብርብራ ነው፤ ስለዚህ «ይቆረጥ» የሚል ምክር ከጠባቂ አፍ መውጣት የለበትም።

አንድ ጧት በነሐሴ፣ ከአንዲት ገባር ዳር ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት በድንጋይ ላይ የቀረ ፈዛዛ ዱቄት ነበር። ከሥሩ በሚገኘው ኩሬ ውስጥ ጣት የማያህሉ ጫጩቶች በጎናቸው ተኝተው ውሃው ሲነካቸው ብቻ ይንቀሳቀሱ ነበር። ትንሽ ዝቅ ብሎ አንዲት ትልቅ ነጭ ዓሣ አፏን ከውሃው በላይ አውጥታ እየተነፈሰች በዳሩ ትዞራለች፤ በእጄ ሳነሣት አልታገለችም። የሚሸጡት ሦስት ወይም አራት ትልልቅ ዓሦች ተለቅመው ሄደዋል፤ የቀረው በመቶ የሚቆጠር ጫጩት ለማንም አልጠቀመም። ብርብራን ከመረብ የሚያከፋው ይህ ነው፤ መረብ በዓይኑ ልክ ይመርጣል፣ መርዝ ግን አይመርጥም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ ሰዓቱንና ቦታውን ይጻፉ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይሂዱ እንጂ ወደ ታች አይሂዱ። የመጨረሻው የሞተ ዓሣ የተገኘበት ቦታ ከመርዙ መጣያ ብዙ አይርቅም፤ ከእርሱ በላይ ያሉት ዓሦች ደኅና ናቸው። ዱቄት፣ የተወቀጠበት ድንጋይ፣ የፍሬው ቅርፊት፣ ጆንያ ካለ ሳይነካ ፎቶ ይነሣ። ከውሃው በንጹሕ ጠርሙስ፣ ከዓሣውም ጥቂት በላስቲክ ተወስዶ በቀዝቃዛ ሳጥን በዕለቱ መላክ አለበት፤ ሮቴኖን በፀሐይ ብርሃን ቶሎ ስለሚፈርስ፣ ነገ የሚወሰድ ናሙና ምንም ላያሳይ ይችላል። ለመንደሩም ዓሣውን እንዳይበሉት፣ ከብትም ከዚያ ውሃ እንዳያጠጡ ወዲያው ይነገር፤ የተበተነው ብርብራ ብቻ ነው ወይስ የእርሻ ፀረ ተባይ ጭምር፣ በዓይን አይታወቅምና።

ነገር ግን የሞተ ዓሣ ሁሉ ተመርዟል ማለት አይደለም። በውሃው ውስጥ ያለው አየር ሲያንስ ዓሣ በንጋት ላይ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይስባል፤ በዚህ ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው። ትንሹም ትልቁም በአንድነት ካለቀ፣ ይልቁንም ጫጩቱ ከቀደመ፣ መርዝ መጠርጠር ይገባል። ይህን ሳይለዩ በሰው ላይ ጣት መቀሰር ለጠባቂው ስም መጥፎ ነው፤ አንድ ጊዜ ያለ ማስረጃ የከሰሰ ሰው በሌላ ጊዜ እውነት ይዞ ቢመጣ የሚሰማው ያጣል።

መረብ ሲመረመርና ሲያዝ

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የጥበቃው መሠረት ነው፤ ክልሉም የራሱ አዋጅና መመሪያ አለው። የተፈቀደውን የመረብ ዓይን ስፋት፣ የተዘጉትን ቦታዎችና ወራት በተመለከተ በአፍ የሰሙትን አይጠቀሙ፤ በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ቅጂ ከወረዳው ወስደው በላስቲክ ጠቅልለው በኪስዎ ይያዙ። አስጋሪው «የት ተጽፏል?» ብሎ ሲጠይቅ ገልጦ ማሳየት ክርክሩን በግማሽ ያሳጥራል።

የመረብ ዓይን የሚለካው መረቡ እርጥብ እንዳለ፣ በሁለት እጅ ተወጥሮ፣ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ፊት ለፊቱ ቋጠሮ ነው። አንድ ዓይን ብቻ ለክቶ መፍረድ ትክክል አይደለም፤ ከመረቡ ዳር፣ መካከልና ጫፍ ቢያንስ አሥር ዓይን ተለክቶ አስጋሪው እያየ ይጻፍ። ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ ከነጠላ የላስቲክ ክር የተሠራው መረብ በመዳሰስ ይለያል፤ ለስላሳና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፣ ውሃ ውስጥ ለዓሣ አይታይም፣ ሲቀደድም ተጥሎ ሳይበሰብስ ዓመታት ዓሣ እየያዘ ይኖራል። እንዲህ ያለ ቁራጭ ባለቤት ባይኖረውም ባዩበት ሁሉ ያውጡት።

በሕይወት ያለ ዓሣ ካለ ከሰውየው ጉዳይ በፊት የዓሣው ይቅደም። እጅ ይርጠብ፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን የሚሸፍነውን ልጋግ ያነሣዋል። ክሩ በስንጥቡ ገብቶ ከሆነ ዓሣውን ከመጎተት ክሩን መቁረጥ ይሻላል። ከዚያም ጭንቅላቱ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሆኖ በሁለት እጅ ይያዝ፤ ራሱ በጅራቱ ገፍቶ እስኪሄድ ድረስ አይለቀቅ።

መረቡ ሲያዝ ሁለት ምስክሮች ይኑሩ፤ ደረሰኝ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ለባለቤቱ ይሰጥ። በቦታው ማቃጠል፣ ታንኳ መስበር፣ ዓሣውን ለራስ ወይም ለጓደኛ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። ከሕጉም በላይ፣ የተያዘ ዓሣ በጠባቂ ቤት ሲጠበስ የሸተተው ጎረቤት ከዚያ በኋላ ጥበቃን እንደ ሌላ የማስገሪያ መንገድ ነው የሚያየው።

አስጋሪዎቹና መንደሩ

ጠባቂ ብቻውን ወንዝ አይጠብቅም። ጣናን በደንገል ታንኳ ሲያሰግሩበት የኖሩት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች፣ በሞተር ጀልባ የሚሠሩት ማኅበራት፣ በወንዙ ዳር የሚያርሱት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው ስለ ዓሣው የሚያውቁት አለ፤ የሚያጡትም ይለያያል። ሥራውን ከሰኔ በፊት በእነዚህ ሰዎች ቤት መጀመር ይሻላል። ወሬው በስብሰባ ብቻ አይነገር፤ በዝክር ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ በሰንበቴ ማኅበር ላይ ይነገር። ካህኑ ወይም የሰፈሩ ሽማግሌ «በነሐሴ ከገባሩ አታስግሩ» ቢሉ፣ እኔ በደንብ ልብሴ አሥር ጊዜ ከምናገረው ይልቅ ይሰማሉ።

በጉዞው ወራት ከመግቢያው የሚታገደው አስጋሪ የት ሄዶ ያስግር የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ክፍት በሆነው የሐይቁ ክፍል፣ በተፈቀደ መረብ፣ ቀረሶና አምባዛ ማስገር የሚቻልበትን ቦታ ከማኅበሩ ጋር ሆኖ ማሳየት ተገቢ ነው። መከልከልን ብቻ ይዞ የሚመጣ ጠባቂ ሰውየውን ወደ ሌሊቱ ይገፋዋል።

የራስዎ ደኅንነት

በሌሊት ብቻዎን ወደ ውሃ አይውረዱ። በወንዙ መግቢያ ጉማሬ አለ፤ ማታ ለግጦሽ ወጥቶ በሚመለስበት መንገድና በውሃው መካከል መቆም አደገኛ ነው። ታንኳ ላይ ሲወጡ ተንሳፋፊ ጃኬት ይልበሱ፤ ገሳ ከዝናብ ያድናል፣ ውሃ ውስጥ ሲወድቁ ግን ይከብዳል። ቢልሃርዝያ ስላለ ያለ ቦት ውሃ ውስጥ ከመቆም ይጠንቀቁ። የተቆጡ ብዙ ሰዎች ካጋጠሙ መረቡ ይቅር፤ ፊታቸውንና ሰዓቱን አስታውሰው ይመለሱ። መዝገቡን በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ ይፈስሳል።

በየሌሊቱ የሚጻፈው ብዙ አይደለም፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ውሃው በምልክት እንጨቱ ላይ የደረሰበት፣ ድፍርስ ወይም የጠራ መሆኑ፣ ስንት መረብ፣ ምን ዓይነት ዓሣ፣ የደረሰ ወይም ያልደረሰ። ምንም ያልታየበት ሌሊትም ይጻፍ። የሦስት ክረምት መዝገብ ያለው ሰው ዓሣው በየትኛው ሳምንት እንደሚወጣ ለወረዳው መናገር ይችላል።

ጥቅምት ሲገባ ዝናቡ ያቆማል፣ መረቡም ከወንዙ ይነሣል፤ ብዙ ጠባቂዎች በዚህ ጊዜ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የተፈለፈሉት ጫጩቶች ወንዙ ሲጎድል በየጥልቁ ኩሬ ቀስ እያሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። በዚሁ ወቅት ገበሬው ለመስኖ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ከኩሬው ዳር ይተክላል፤ ቱቦውም ውሃውን ከነጫጩቱ ወደ ማሳ ይስበዋል። ሞተሩን ማስቆም አያስፈልግም። የቱቦውን አፍ በጠባብ ወንፊት እንዲሸፍን፣ ኩሬውንም እስከ ታቹ እንዳያደርቀው ከባለቤቱ ጋር መስማማት ይበቃል። ጧት ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ኩሬው ጠጋ ብለው ቢያዩ፣ በጥላው ዳር ፊታቸውን ሁሉ ወደ ፈሳሹ አድርገው የቆሙ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ዓሦች ይታያሉ፤ እነርሱን ቆጥሮ በመዝገቡ ማስፈር የጥቅምት ሥራ ነው።